የኮምፒውተር አኒሜሽን ትምህርት

የኮምፒውተር አኒሜሽን ትምህርት ሥዕልን፣ ሒሳብንና ፕሮግራም መጻፍን አጣምሮ፣ ምስልን በኮምፒውተር ማንቀሳቀስ የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ የጥናት ዘርፍ ነው።

ታሪክ፦ በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ኤድዊን ካትሙልና ፍሬድ ፓርክ በ1972 እ.ኤ.አ. የካትሙልን ግራ እጅ በኮምፒውተር አንቀሳቅሰው አሳዩ። ካትሙል በ1986 እ.ኤ.አ. ፒክሳር የተባለውን ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን፣ ድርጅቱ በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ቶይ ስቶሪ» ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው።

ይዘት፦ ተማሪው ቅርጽ ያበጃል፤ ለቅርጹ አጽምና መገጣጠሚያ ይሰጠዋል፤ ያንቀሳቅሰዋል፤ ብርሃን ያበራለታል፤ በመጨረሻም ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ምስል አስልቶ ያወጣል። በሰከንድ 24 ምስል ስለሚያልፍ የአንድ ደቂቃ ፊልም 1,440 ምስሎች ይፈልጋል። ሶፍትዌር በየጊዜው ይለወጣል፤ እውነተኛው ስንቅ የሰውንና የእንስሳን አካሄድ አስተውሎ መሣል ነው። «ብሌንደር» የተባለው ነፃ ሶፍትዌር አቅሙ ውስን ለሆነ ተማሪም በሩን ከፍቷል።

በአፍሪካ ቀንድ፦ በሶማሌላንድ ከምትገኘው ከሐርጌሳ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኙት የላስ ጊል ጥንታዊ የላም ሥዕሎች ለአካባቢው ወጣት አኒሜተር ውድ ቅርስ ናቸው። አዲስ አበባ የተወለደው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ በኒው ዮርክ ሃንተር ኮሌጅ ተምሮ፣ ሥዕሉን ደጋግሞ እየለወጠና ፎቶ እያነሣ የሀገሩን ተረቶች ያንቀሳቅሳል። የእርሱ ሥራ፣ መሣሪያው ምንም ይሁን ምን፣ የአኒሜሽን ነፍስ ከገዛ ባህል እንደሚቀዳ ያስተምራል።