በቤት የዋለች ሴት ድርሻ

ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ራስ ከትመው በነበሩበት ዘመን ትዳር በሦስት ወገን ይጸና ነበር፤ በቁርባን፥ በሰማንያና በደመወዝ። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1875 ዓ. ም. በአንኮበር የተጋቡት በቁርባን ነው፤ እርሱም የማይፈታ ነበር። በሰማንያ የተጋቡ ቢለያዩ አብረው ያፈሩትን በልማድ እኩል ይካፈሉ ነበር። በደመወዝ የገባችይቱ ግን ብዙ ዘመን ብትኖርም የተቆረጠላትን ተቀብላ ትሄዳለች እንጂ ከቤቱ ድርሻ አልነበራትም።

የሦስቱም ሴቶች ድካም ግን አንድ ነበር፤ ውሃ መቅዳት፥ እንጨት መልቀም፥ እህል መፍጨት፥ ልጅ ማሳደግ። ድርሻቸውን የለየው ሥራቸው ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን የተነገረው ቃል ነው።

በ1952 ዓ. ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ያለ ጋብቻ አብረው በሚኖሩ መካከል የጋራ ሀብት የለም አለ፤ ወንዱ ቢያሰናብታት ዳኛ ሊፈርድላት የሚችለው ከስድስት ወር መተዳደሪያ የማይበልጥ ነበር። ይህን የለወጠው በ1992 ዓ. ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ነው። ሕጉ በአዲስ አበባ የሚሠራ ስለሆነ፥ ዛሬ ከእንጦጦ ግርጌ በየካ ከሦስት ዓመት ያላነሰ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ቢለያዩ፥ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት፥ የአንዱ ጥረት ብቻ ቢሆንም፥ የጋራቸው ነው። ውርስና ስጦታ ግን የተቀባዩ ነው።

ሆኖም ቤቱ በእርሱ ስም ተጽፎ፥ እርሱም «ሠራተኛዬ ነበረች» ብሎ ቢክድ፥ ኑሮዋን የሚያውቅ ጎረቤት ነው። አንባቢ ሆይ፥ ለምስክርነት ብትጠራ ያየኸውን አትሰውር፤ የዓመታት ድካምዋ በቃልህ ላይ ቆሞአልና።