ጠንካራው ቅንጣት፦ ከክላሲካል ፊዚክስ ሥር ያለው የቁስ አካል እሳቤ ሲፈተሽ

ቁስ አካል ማለት ቦታ የሚይዝና መጠነ ቁስ ያለው ነገር ነው ይባላል። ብያኔው ከቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ፍልስፍናዎች የተገናኙበት ነው። ዴካርት በ1644 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቁስ ምንነት ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ብቻ ነው አለ። ኒውተን ደግሞ በ1687 መጠነ ቁስን ጨመረበት። ይህ መጣጥፍ የሚከራከረው የክላሲካል ፊዚክስ ቀመሮች ውጤታማ መሆናቸው ከሥራቸው ያለውን የቁስ እሳቤ እንደማያረጋግጥ ነው። እሳቤው ኳንተም ፊዚክስ ከመምጣቱ በፊት በራሱ በመካኒክስ ውስጥ ተሰንጥቆ ነበር።

የጥንካሬ ምንጭ

ኒውተን በብርሃን ጥናቱ መጨረሻ ባሰፈራቸው ጥያቄዎች ፈጣሪ ቁስን ጠንካራ፣ የማይበሳና የማያልቅ ቅንጣት አድርጎ እንደሠራው ገመተ። በዓይን የማይታየው ቅንጣት ጥንካሬ በምን ታወቀ? መልሱ ፕሪንኪፒያ በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ እትም (1713) በሰፈረው ሦስተኛው የምርምር ደንብ ይገኛል፦ በምንፈትናቸው አካላት ሁሉ የተገኘ ባሕርይ የአካላት ሁሉ ባሕርይ ነው ተብሎ ይወሰድ። የምንዳስሰው አካል ጥንካሬ ከቅንጣቶቹ ጥንካሬ የመጣ ነውና ቅንጣቶቹም ጠንካሮች ናቸው ማለት ነው። እዚህ ላይ ሊብራራ የሚገባው ነገር ራሱ ማብራሪያ ሆኖ ቀርቧል። የድንጋይ ጥንካሬ ጥያቄ ከሆነ የቅንጣት ጥንካሬም ያው ጥያቄ ነው፤ ያነሰው መጠኑ ብቻ ነው።

የግጭት ፈተና

እኩል የሆኑ ሁለት ፍጹም ጠንካራ አካላት በእኩል ፍጥነት ፊት ለፊት ይጋጩ እንበል። ፍጹም ጠንካራ አካል አይጨማደድም፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ የሚቀንስበት ጊዜ የለውም። በቅጽበት ዜሮ መሆን አለበት፤ ይህን የሚያደርገው ደግሞ ወሰን የሌለው ኃይል ብቻ ነው። ፈላስፋው ላይብኒዝ ተፈጥሮ ደረጃ ዘልላ አታልፍም በሚለው የተከታታይነት ሕጉ እንዲህ ያለውን አካል ውድቅ አድርጎ ነበር። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ለ1724 ሽልማት የፍጹም ጠንካራ አካላትን የግጭት ሕግ ሲጠይቅ ያሸነፈው የሒሳብ ሊቁ ማክሎሪን ነው። ዮሐን በርኑሊ እንዲህ ያለ አካል ሊኖር አይችልም ብሎ በመከራከሩ ሽልማቱን አጣ። በመርሁ ግን ትክክል ነበር።

የፊዚክስና የሒሳብ ሊቁ ቦስኮቪች በ1758 ከዚሁ ክርክር የመጨረሻውን ድምዳሜ አወጣ። ቁስ ስፋት የሌላቸው ነጥቦች ነው፤ ነጥቦቹ እጅግ ሲቀራረቡ የሚገፋፉበት ኃይል ያለ ወሰን ይጨምራል። በዚህ አተያይ መነካካት የሚባል ነገር የለም፤ አለመበሳትም የኃይል ውጤት እንጂ የቁስ የተፈጥሮ ባሕርይ አይደለም። ካንትም በ1786 ቁስ ቦታን የሚሞላው በመገፋፋት ኃይል ነው አለ።

መጠነ ቁስስ?

ኒውተን መጠነ ቁስን በእፍጋትና በይዘት ብዜት በየነው። ኤርንስት ማኽ በ1883 እንዳመለከተው፣ እፍጋት ራሱ በመጠነ ቁስ ስለሚበየን ብያኔው በክብ ይዞራል። ማኽ በምትኩ ሁለት አካላት እርስ በርስ በሚሰጣጡት የፍጥነት ለውጥ ንጽጽር ለካው። ስለዚህ መጠነ ቁስ በአካሉ ውስጥ የታጨቀ ነገር መሆኑ ቀርቶ በአካላት መካከል ያለ ግንኙነት ሆነ።

የጠንካራው ቅንጣት እሳቤ ፍሬያማ ነበር የሚል ተቃውሞ ክብደት አለው። ማክስዌል በ1860 የጋዝ ንድፈ ሐሳቡን በጠንካራ ሉሎች ላይ ገንብቷል። ነገር ግን በ1867 ሉሎቹን ትቶ በሚገፋፉ የኃይል ማዕከሎች ተካቸው። ጠንካራው ሉል የስሌት መሣሪያ ነበር፤ መሣሪያ ደግሞ ሥራውን ስለሠራ ብቻ የተፈጥሮ እውነት አይሆንም።

በስሌት መሣሪያና በተፈጥሮ እውነት መካከል ያለው ይህ ልዩነት ዛሬም ዋጋ አለው። ጋሊሊዮ በ1623 ቀለምን፣ ጣዕምንና ሽታን ከቁስ አውጥቶ ለሚሰማው ፍጡር ሰጠ፤ ለቁስ የቀሩት ቅርጽ፣ ቁጥርና እንቅስቃሴ ነበሩ። ይህ ለስሌት የተመቸ ውሳኔ ነበር። ከግዑዝ ቁስ ንቃተ ሕሊና እንዴት ይወጣል ብለን ስንጨነቅ ግን ውሳኔውን እንደ ግኝት ቆጥረነዋል ማለት ነው። ስሜትን አስቀድመን ካስወጣንበት ቁስ ውስጥ ስሜትን ብናጣ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለ አእምሮ የሚጠየቀው ጥያቄ በአግባቡ እንዲቀርብ በቅድሚያ መመርመር ያለበት የቁስ እሳቤው ነው።