ዋሊያና የስሜን ሰው

ደባርቅን አልፎ ወደ ስሜን ተራሮች የዘለቀ መንገደኛ መሬት በድንገት የሚያልቅበት ቦታ ይደርሳል። ደጋው ይቆረጥና እስከ 1,500 ሜትር የሚወርድ ገደል ከእግር ሥር ይከፈታል። ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የከመረውን ድንጋይ ውኃ ሲቦረቡረው ኖሮ ያወጣው ቅርጽ ነው። የዋሊያ ቤት እንግዲህ ይህ ገደል ነው፤ ፍየል በማትደፍረው ጠርዝ ላይ፣ ወደ ኋላ የታጠፈ ከባድ ቀንዱን ተሸክሞ፣ ሣር እየነጨ ይውላል። ከዚህች ምድር በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም።

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1820ዎቹ ዓ.ም. ስሜንን ጎብኝቶ ሲመለስ ዋሊያንና ጭላዳን እ.ኤ.አ. በ1835፣ ቀይ ቀበሮንም በ1840 ለሳይንስ አስመዘገበ። መጻሕፍት «አገኛቸው» ይላሉ። የስሜን ገበሬ ግን ዋሊያን ለማወቅ የፍራንክፈርት ሰው መምጣት አላስፈለገውም፤ ከጥንት ጀምሮ ሥጋውን ይበላ፣ ቀንዱን ዋንጫ አድርጎ ይጠጣበት ነበርና። የሳይንሱ ስም ራሱ «ዋሊ» ተብሎ የተጻፈው ከዚያው ገበሬ አፍ ተወስዶ ነው።

አደኑ ለዘመናት ገደሉን አልጎዳም ይሆናል። ጠመንጃ ሲበዛ፣ ማሳውም ወደ ገደሉ ሲጠጋ ግን ዋሊያው ተመናመነ። ስለዚህም ስፍራው በ1962 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት፣ መጀመሪያ ከሰፈሩት አሥራ ሁለት ስፍራዎች ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ፤ ላሊበላና ስሜን። አንዱን ሰው ከዓለት ፈለፈለው፣ ሌላውን ዝናብ።

ክብሩ ግን ዋጋ ነበረው፤ ከፋዩም የአገሬው ሰው ሆነ። በፓርኩ ክልል ገብስ የሚዘራ፣ ከብት የሚያግድ ሕዝብ ነበረ። ከገደሉ ግርጌ ይኖሩ የነበሩት መንደሮች በዚያው በ1970ዎቹ መባቻ በግድ ተነሡ። ቁጣው ሳይበርድ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተከተለ፤ ጥበቃውም ፈረሰ። በ1989 ዓ.ም. ስሜን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከምክንያቶቹ መካከል የዋሊያ መቀነስ፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት፣ በመካከሉም የሚያቋርጠው መንገድ ይገኙበታል።

ዋሊያው በበኩሉ ካርታ አያነብም። ሰው ከተጫነው ስፍራ እየሸሸ ከፓርኩ ድንበር ውጭ ይገኝ ጀመር። ስለዚህ ድንበሩ ተከተለው፤ በምዝገባው ጊዜ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ፓርክ ሊማሊሞን፣ ስልኪንና ራስ ደጀንን ጨምሮ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ።

የመጨረሻው ትልቅ ስንብት የግጭ መንደር ነበር። በፓርኩ እምብርት፣ በሰፊው ሜዳ ላይ ለትውልዶች የኖሩ ከአራት መቶ በላይ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ካሣ ተከፍሏቸዋል፤ ይህ ከቀድሞው ይለያል። ሆኖም በብርድ ላይ ገብስ ማብቀል የለመደ እጅ በከተማ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ በገንዘብ ተቆጥሮ አያልቅም። በ2009 ዓ.ም. ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። የዋሊያ ቁጥር ግን ዛሬም በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር ነው።

በግጭ ሜዳ ላይ ጅብራው እንደ ዘብ ቆሟል። ጭላዳው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ልብ የመሰለውን ምልክት ይዞ፣ ሣር እየነቀለ ይውላል፤ ሲመሽም መንጋው ተራ በተራ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል።