ለሚዳቋ ስንት ሚሊ ሜትር ይበቃል?

ስዊድን የሚኖር ወዳጅ አለን፤ የስማዳ ልጅ ነው። አንድ መስከረም የሥራ ባልደረቦቹ «ና፣ ሙስ አደን እንሂድ» ብለው ይዘውት ጫካ ገቡ። ሙስ የሰሜን አገር አጋዘን ነው፤ ትልቁ ወንድ ከ400 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ቀንዱም እንደ መዳፍ የተዘረጋ ነው። ወዳጃችንን ያስገረመው ግን አውሬው ሳይሆን የማታው ክርክር ነበር። እሳት ዳር ተቀምጠው «ለሙስ የሚስማማው ካሊበር የትኛው ነው?» እያሉ እስከ እኩለ ሌሊት ተፋጠጡ። አንዱ 6.5 ሚሊ ሜትር ይበቃል ይላል፤ ሌላው ከ9.3 በታች በእንስሳው ላይ ግፍ ነው ይላል። በመጨረሻ ወደ እሱ ዞረው «በእናንተ አገርስ በምን ይታደናል?» አሉት።

«አያቴ ምንሽር ነበረው።»

«ስንት ካሊበር?»

ዝም። ያንን ዝምታ ነው እንግዲህ በስልክ ያወረሰን። እኛም ሠርግ ቤት ምንሽርና ውጅግራ ሲወደሱ እስክስታ የምንመታ እንጂ ስለ መሣሪያዎቹ የምናውቅ አልነበርንም። ስለዚህ ቆፈርን።

ካሊበር ማለት የአፈሙዙ የውስጥ ስፋት ነው። ነገር ግን ስፋቱ ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ የአረሩ ክብደትና ከኋላው ያለው ባሩድ የሚሰጠው ፍጥነትም አለ። ስዊድኖች ይህን በሕግ ደንግገውታል። ሙስ የሚገደልበት አረር 9 ግራም ከሆነ 100 ሜትር ላይ 2,700 ጁል፣ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ 2,000 ጁል ኃይል ሊኖረው ይገባል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ውስጥ እንዳይሰቃይ፣ ቶሎ እንዲሞት።

ወደ እኛ እንምጣ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገደላ ገደል የሚታደነው እንደ ሙስ ያለ አልነበረም። ድኩላ አለ፤ ወንዱ ከ40 እስከ 80 ኪሎ። ሰስ አለ፣ ሚዳቋ አለ፤ እነዚህ ከ25 ኪሎ አያልፉም። ዝሆንና ጎሽ ገድሎ «ገዳይ» ለመባል የፈለገ ወደ ምዕራብ ቆላ ይወርድ ነበር። እዚያው ቆላ፣ በታችኛው ተከዜ፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 እና 1862 ሲያድን ግማሽ ፓውንድ፣ ማለትም 230 ግራም ገደማ የሚተፋ ጠመንጃ ይዞ ነበር። አረቦቹ «የመድፍ ልጅ» አሉት። ተኳሹንም ወደ ኋላ የሚያሽቀነጥር ነበር።

የመድፍ ልጅ ቆላ ሲወርድ መድፉ ራሱ በጋይንት በኩል አለፈ። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል በጥቅምት 1860 ዓ.ም. አስነሥተው፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ በጨጨሆ ገደል አድርገው መቅደላ አደረሱት። ሰባት ቶን ያህል ብረት በሰው ትከሻ! የናፒየር ወታደሮች ግን ስናድር ይዘው መጡ፤ 14.7 ሚሊ ሜትር፣ ከኋላ የሚጎርስ። የጋይንት ሰው መንገዱን ለትልቁ አፈሙዝ ጠርጎ፣ ድሉን ትንሹ አፈሙዝ ሲወስድ አየ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የጠመንጃው ዓይነት በየጦርነቱ ተቀያየረ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆች ሲሸነፉ ሬሚንግተን በብዛት ተማረከ። ቀጥሎ ፈረንሳዮች በለበል ሲቀይሩት የተረፈው ግራ በጅቡቲ በኩል ጎረፈ፤ «ፉዚ ግራ» በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 25 ግራም እርሳስ። ሚዳቋን በውጅግራ መምታት ዝንብን በሙቀጫ እንደመግደል ነው፤ ሥጋው ይበተናል።

ታዲያ ለምን ያዙት? እዚህ ላይ ነው የእኛ ታሪክ ከስዊድኖቹ ክርክር የሚለየው። የእነሱ ጥያቄ «ለአውሬው የሚስማማው ጥይት የትኛው ነው?» ነው። የእኛ አያቶች ጥያቄ «የሚገኘው ጥይት የትኛው ነው?» ነበር። የውጅግራ ጥይት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ እንደ አሞሌ ጨው በገበያ የሚመነዘር ገንዘብ ነበር። ሚዳቋ ላይ መተኮስ ብር እንደመተኮስ ነው! ደግሞም ውጅግራ የሚበላው ጥቁር ባሩድ ነው፤ ከሰል፣ ድኝና የባሩድ ጨው ካለ አገር ቤት ይወቀጣል፣ ባዶው ቀለህ እንደገና ይሞላል። በኋላ የመጡት ለበንና ምንሽር ግን ጭስ አልባ ባሩድ ይፈልጋሉ፤ እሱ ደግሞ ከፋብሪካ እንጂ ከሙቀጫ አይወጣም። አዲሱን ጠመንጃ የያዘ ሰው ክብሩ ከፍ ሲል ጥይቱ ግን በሌላ ሰው እጅ ወደቀ።

ምንሽር የሚለው ስም የመጣው ከኦስትሪያዊው ማንሊኸር ነው። የእሱ የጥይት ማጉረሻ በጣሊያኑ ካርካኖም ስለተወሰደ ስሙም አብሮ ሄደ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወርረን ሁለቱም አገር ውስጥ ገቡ፤ የኦስትሪያው 8፣ የጣሊያኑ 6.5 ሚሊ ሜትር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ለማራኪ አርበኛ ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር፤ ከቤልጅግ የተገዛው 7.92 በእጁ ሆኖ የጠላት ጥይት በሙሉ 6.5 ከሆነ ጠመንጃው ዱላ ነው። ከጠላት የሚማርክ ሠራዊት ካሊበሩን የሚመርጥለት ጠላቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ሙስ የሚመታበት ጥይት ሲገባ ጫፉ የሚፈነዳዳ መሆን አለበት፤ በጦርነት ግን እ.ኤ.አ. በ1899 የሄግ ስምምነት እንዲህ ያለው አረር ተከልክሏል። ጣሊያን የመርዝ ጋዝ እያዘነበ «ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ይተኩሳሉ» ብሎ ለመንግሥታት ማኅበር የከሰሰው በዚህ ሕግ ነው።

ለወዳጃችን መልሱን አሰላንለት። የጣሊያኑ ካርካኖ አረር 10.5 ግራም ነው፣ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ይጓዛል። በስዊድን ልክ ስንመዝነው፣ ጫፉን ብቻ ብትቀይርለት፣ ሙስ ለመምታት በክብደትም በኃይልም ያልፋል። የአያትህ ምንሽር ጣሊያን ሠራሹ ከሆነ፣ ለሚዳቋ የተረፈ፣ ለሙስም ያላነሰ መሣሪያ ነበር።

ክላሹስ? በ1969 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት መጉረፍ ጀመረ፤ በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን በየገበሬው ቤት ገባ። 7.62 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንዳንዱ ምንሽር ይሰፋል። አረሩ ግን 8 ግራም ነው። ስዊድን ውስጥ በእሱ ሙስ መምታት አይፈቀድም፤ ደካማ ነው፣ እንስሳውን ያሰቃያል ይባላል።

ይህን ስናነብ ዝም አልን። ለሙስ ያንሳል የተባለው ጥይት ለሰው አላነሰም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ የሕወሓት ተዋጊዎች ንፋስ መውጫን ያዙ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ካነጋገራቸው የከተማዋ ሴቶች 16ቱ በተዋጊዎቹ መደፈራቸውን ተናግረዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በክልሉ ሌላ ጦርነት ተነሣ። ሴባስቶፖል ባለፈበት መንገድ ከዚያ ወዲህ ያላለፈ ካሊበር የለም።

ጠመንጃ ለጋይንት ሰው ክብር ነው፤ ይህን አናቃልልም፤ ወራሪ ሲመጣ ያየ ያውቀዋል። እኛ የከተማ ልጆች ግን የውጅግራንና የምንሽርን ስም ሠርግ ላይ ስንሰማ እያንዳንዱ ስም የአንድ ጦርነት ትርፍራፊ መሆኑን ብናስታውስ ደግ ነው። ሚዳቋውና ድኩላውም ከጫካው ጋር እየሳሱ ሄደዋል። እነሱን የጨረሳቸው ካሊበር ብቻ አይደለም፣ መጥረቢያና ማረሻም አለበት።

ወዳጃችን ሒሳቡን ከሰማ በኋላ ለባልደረቦቹ ምን ብሎ እንደመለሰ ጠየቅነው። «6.5 ነበር አልኳቸው፤ በጣም ደስ አላቸው» አለ። «ስንት አውሬ ገደለበት ብለው ጠየቁኝ። አያቴ ግን አንድም ቀን አድኖ አያውቅም።»