ወርክትሪ፦ ተጓዳኝ ማኅደር

አንድ ብራንች ላይ አዲስ ሥራ ጀምረው ግማሽ ሳይደርሱ፣ ደንበኞች በሚጠቀሙበት ቅጂ ላይ አስቸኳይ ስሕተት ይገኛል። ብዙዎቻችን የጀመርነውን በስታሽ አስቀምጠን፣ ብራንች ቀይረን፣ ጠግነን እንመለሳለን። ስታሽ የተደረገ ሥራ ግን በቀላሉ ይረሳል።

ጊት እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 2.5 እትሙ ጀምሮ የተሻለ መንገድ አለው፤ ስሙ ወርክትሪ ነው። በአማርኛ «ተጓዳኝ ማኅደር» ቢባል ሥራውን ይገልጻል። የአንዱ ሪፖዚተሪ ሌላ ብራንች ለብቻው የተዘረጋበት ፎልደር ማለት ነው። የኮሚቶቹ ታሪክ በዋናው ፎልደር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጣል፤ በተጓዳኙ ውስጥ በታሪኩ ፈንታ ያለው ወደ ዋናው የሚጠቁም ትንሽ ፋይል ነው። ስለዚህ ፕሮጀክቱን ደግሞ ክሎን ማድረግ አያስፈልግም። አንድ ብራንች በሁለት ማኅደር እንዳይከፈትም ጊት ራሱ ይከለክላል።

ሰው የሚሰናከለው ኢምፖርት ላይ ነው። ፓይተን ላይ የራስዎን ፓኬጅ በኤዲተብል መንገድ ሲጭኑ፣ የሚመዘገበው የአንድ ፎልደር አድራሻ ነው። ተጓዳኝ ማኅደር ከፍተው በዚያው ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ቴስት ቢያስኬዱ፣ ኢምፖርቱ የመጀመሪያውን ፎልደር ኮድ ሊያመጣ ይችላል። ምንም የስሕተት መልእክት አይወጣም። ያረሙት ኮድ ያልሠራ ይመስልዎታል፤ ወይም፣ ይባስ ብሎ፣ ያልተፈተነውን ኮድ ቴስት አልፏል ብለው ይልካሉ። ከተጠራጠሩ ሞጁሉ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ ፕሪንት ያድርጉ፤ መልሱ እዚያው ነው። ሌላም መሰናክል አለ፦ ጊት የማይከታተላቸው ፋይሎች፣ ለምሳሌ የይለፍ ቃል የያዘው የሴቲንግ ፋይልና የኖድ ሞጁልስ ፎልደር፣ ወደ ተጓዳኙ አይሻገሩም።

ኢምፖርት ከፎልደር አድራሻ ጋር የመታሰሩን ችግር የጎ ቋንቋ ተጠቃሚዎች በሌላ መልኩ ያውቁታል። ቀድሞ ኮዱ ጎፓዝ በሚባለው ፎልደር ሥር ከኢምፖርት ስሙ ጋር በሚገጥም ቦታ መቀመጥ ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የመጡት ሞጁሎች ከዚህ አላቀቋቸው።

አቀማመጡን በተመለከተ የምመክረው፦ በፕሮጀክቱ ስም አንድ ፎልደር ይክፈቱ፤ ዋናውንና ተጓዳኞቹን በውስጡ ጎን ለጎን፣ በየብራንቻቸው ስም ያስቀምጡ። አንዱን በሌላው ውስጥ አይክተቱ፤ የፍለጋና የቴስት መሣሪያዎች ሁለቱንም ቅጂ አብረው ያነባሉ። ሲጨርሱ ፎልደሩን በእጅ ከመሰረዝ ይልቅ በወርክትሪ ሪሙቭ ያስወግዱት፤ አለዚያ ምዝገባው ዋናው ውስጥ ይቀራል። ከሁሉም በፊት ግን ለእያንዳንዱ ተጓዳኝ ማኅደር የራሱን ኢንቫይሮንመንት ይፍጠሩለት።