በብር የተጻፈ ጸሎት

ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱን ኃይል ይመሰክራል። የንጉሡ መልክ፣ ማዕርጉና ድሉ ይቀረጹበታል። የሮም ንጉሠ ነገሥት ሕርቃል እ.ኤ.አ. በ615 ያወጣው የብር ገንዘብ ግን የሚመሰክረው ጭንቀትን ነው።

ቀደም ባለው ምዕት ዓመት የቁስጥንጥንያ መንግሥት ግብርና ደመወዝ በወርቅ ይሰላ ነበር፤ የገበያው ዕለታዊ ሥራ በመዳብ ይካሄድ ነበር፤ የብር ገንዘብ በብዛት የሚታየው በበዓላት ጊዜ በሚታደል ስጦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ614 ፋርሶች ኢየሩሳሌምን ያዙ፤ መስቀሉንም ማርከው ወሰዱ። በማግስቱ ዓመት ሠራዊታቸው ከቁስጥንጥንያ ማዶ ኬልቄዶን ደረሰ።

አዲሱ ብር የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ክብደቱ ከ6 ግራም ተኩል በላይ ነበር፤ «ሄክሳግራም» የተባለውም በግሪኮች ሚዛን ስድስት «ግራማ» ስለሚመዝን ነው። በአንድ ገጹ ሕርቃልና ልጁ በዙፋን ተቀምጠዋል። በሌላው ገጹ በደረጃ ላይ የቆመ መስቀል አለ፤ ዙሪያውንም በላቲን «አምላክ ሆይ፣ ሮማውያንን እርዳ» የሚል ጽሑፍ ከብቦታል።

በሕክምና ሙያዬ በሽተኛው «ደኅና ነኝ» ቢለኝም ትኩሳቱን ሳልለካ አላሰናብተውም። የመንግሥታት ትኩሳት የሚለካው በገንዘባቸው ይመስለኛል። በዘመኑ የተጻፈው «የፋሲካ ዜና መዋዕል» እንደሚነግረን፣ መንግሥት በዚህ ብር የከፈለው የቀድሞውን ክፍያ እኩሌታ ነው። እ.ኤ.አ. በ622 ደግሞ ንጉሡ የቤተ ክርስቲያንን ንዋያተ ቅድሳት በብድር ወስዶ፣ አቅልጦ ገንዘብ አስመታባቸው። ጸሎቱ የሁሉም ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ደመወዝተኛውና መቅደሱ ናቸው።

በገንዘቡ ላይ ከሕዝብ ጋር የተነጋገረ ሮም ብቻ አልነበረም። በ4ኛው ምዕት ዓመት የአክሱም የመዳብ ገንዘብ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል የግሪክ ጽሑፍ ይዞ ይዞር ነበር። የአክሱሙ የሚናገረው ስለ ሕዝብ ደስታ ነው፤ የሕርቃል ብር ግን የእርዳታ ጩኸት ነው።

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ628 በሮም ድል ተፈጸመ፤ መስቀሉም ተመለሰ። ይሁንና ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ሶርያ በዓረቦች እጅ ወደቀች፤ ግብፅም ተከተለች። ብሩ በሕርቃል ተተኪዎች ዘመን መመታቱን ቀጠለ፤ በምዕት ዓመቱ ማብቂያ ላይ ግን እየተመናመነ ቀረ።

ያም ሆኖ ይህን ገንዘብ አከብረዋለሁ። የሰውን ደመወዝ በእኩሌታ የቀነሰ መንግሥት ድል አድራጊ መስሎ መታየት ይችል ነበር። ሕርቃል ግን ፍርሃቱን ደመወዝተኛው በሚቀበለው ብር ላይ ጻፈው። የተቀነሰበት ሰው ቢያንስ ለምን እንደተቀነሰበት ከእጁ ላይ ያነብ ነበር።