በሚጓዝ አውቶብስ ውስጥ የእጅ መያዣ ሚዛንን እንዴት ይጠብቃል?

የከተማ አውቶብስ ከፌርማታ ሲነሳ ቆሞ የሚጓዝ ተሳፋሪ ወደ ኋላ፣ አሽከርካሪው ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ወደ ፊት ይንገዳገዳል። ከኋላ የገፋው ሰው ግን የለም። ማንኛውም አካል የያዘውን ፍጥነት ይዞ መቀጠሉ የተፈጥሮ ሕግ በመሆኑ፣ ወለሉ እግርን ይዞ ሲቆም ደረትና ጭንቅላት ጉዟቸውን ይቀጥላሉ።

ሰው ሳይወድቅ የሚቆመው የክብደቱ ማዕከል ሁለቱ እግሮቹ ከያዙት ቦታ እስካልወጣ ድረስ ነው። ሲራመድ አንዱ እግር ስለሚነሳ ይህ ቦታ ወደ አንድ የእግር መዳፍ ይጠባል። በጽኑ መሬት ላይ ቀጣዩ እርምጃ ስለሚያስተካክለው ልብ አንለውም። በአውቶብስ ውስጥ ግን የተነሳው እግር ከማረፉ በፊት ወለሉ ፍጥነቱን ሊለውጥ ይችላል። በዚያች ቅጽበት ብረት የጨበጠ እጅ እንደ ሦስተኛ እግር ያገለግላል፤ አርሶ አደር በድጥ ቁልቁለት ሲወርድ ዘንጉን እንደሚተክለው ማለት ነው።

የመያዣው ጥቅም በጉልበት ብቻ አይወሰንም። አንጎል ሚዛንን የሚጠብቀው ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ ከእግርና ከመገጣጠሚያዎች በሚደርሰው መልእክት ነው። በአውቶብስ ውስጥ ግድግዳውና መቀመጫው አብረው ስለሚሄዱ ዓይን ባለበት የቆመ ይመስለዋል፤ ጆሮ ግን መናወጡን ይናገራል። እጅ እዚህ ላይ ሌላ ምስክር ይሆናል። ጆን ጄካና ጄምስ ላክነር በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከአንድ ኒውተን ባነሰ ኀይል፣ ማለትም 100 ግራም ገደማ ዕቃ ከሚጫነው በማይበልጥ የጣት ንክኪ፣ የቆመ ሰው መወዛወዝ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ጥናቱ በማይንቀሳቀስ ወለል ላይ የተደረገ ነው፤ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ግን ንክኪ አይበቃም፣ አጥብቆ መጨበጥ ግድ ነው።

ወደ መውረጃው በር የሚሄድ ተሳፋሪ ቀጣዩን ብረት ሳይጨብጥ የያዘውን መልቀቅ የለበትም። ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለቁመተ አጭሮች ከጣሪያው ብረት ይልቅ ቀጥ ብሎ የቆመው ምሰሶ ይመቻል፤ በደረት ቁመት ልክ ስለሚያዝ ክንድ አይዝልም። ተንጠልጣይ ማሰሪያ እስኪወጠር ድረስ ስለሚወዛወዝ ዘግይቶ ነው የሚይዘው። በአንድ እጁ ዶሮ፣ በሌላው ስልክ የያዘ ተሳፋሪማ ለብረቱ የሚተርፍ እጅ የለውም።

በጣና ሐይቅ የሞተር ጀልባ ላይ ወለሉ ወደ ጎንም ስለሚያዘነብል ጠርዙን ይዞ መቀመጥ ይሻላል። ቆሞ የሚራመድ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጀልባዋንም ሚዛን ያናጋል።